በሩ ለምን ክፍት ቀረ? የአሜሪካ የቆሻሻ ገንዳ አጥር ታሪክ

በሜሪላንድም ሆነ በቨርጂኒያ፣ ሱቆች በአንድ መስመር የተደረደሩበትን ገበያ ከፊት ለፊቱ የማያውቅ ሐበሻ የለም። ባልትና ቤቱ፣ ፀጉር ቤቱ፣ ገንዘብ መላኪያው፣ ሬስቶራንቱ ጎን ለጎን ናቸው፤ ከፊታቸው ሰፊ ፓርኪንግ አለ። ጀርባውን የሚያውቀው ግን እዚያ የሠራ ሰው ነው። ማታ ወንበሩ ጠረጴዛ ላይ ተሰቅሎ፣ ወለሉ ታጥቦ ካበቃ በኋላ በሁለት እጁ ጥቁር የቆሻሻ ከረጢት አንጠልጥሎ በጓሮ በር የወጣ ሰው ያውቀዋል። እዚያ ጥግ ላይ ሦስት ግድግዳና ባለ ሁለት ክንፍ የብረት በር ያለው፣ ጣሪያ ያልወጣለት ቤት የሚመስል ነገር ቆሟል። ውስጡ የቆሻሻ ገንዳ አለ። ግድግዳው የሱቆቹን ቀለም ተቀብቷል፤ ዙሪያውን ቁጥቋጦ ተተክሎለታል። በሩ ግን ብዙውን ጊዜ ወለል ብሎ ክፍት ነው። አንዱ ክንፍ ከማጠፊያው ላልቶ አስፋልቱ ላይ ይጎተታል፤ ሌላው በድንጋይ ተደግፎ ቆሟል።

አጥሩ የተሠራው ገንዳው እንዳይታይ ነው። የከተማው ደንብ ያስገድዳል፤ የሕንፃው ባለቤትም ብዙ ገንዘብ አፍስሶበታል። ታዲያ በሩ ክፍት ከሆነ ምኑን ከለለው? መልሱን ለማግኘት ራቅ ብሎ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። ታሪኩን በተከታተልኩ ቁጥር አንድ ነገር እየጎላ ይታየኛል፦ ይህ አጥር በየዘመኑ ሲሠራና ሲሻሻል የኖረው ከመንገድ ሆኖ ለሚያየው ሰው ነው። በሩን ለሚከፍተው ሰው ታስቦ የተሠራው ጥቂት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቆሻሻን ዕቃ ውስጥ አጠራቅሞ ማቆየት ራሱ በሕግ ግዳጅ የመጣ ልማድ ነው። ዩጄን ፑቤል ፓሪስን የሚጨምረው የሴን አውራጃ አስተዳዳሪ ነበር። እስከ እሱ ዘመን ድረስ ፓሪሳዊው ጥራጊውን ደጁ ላይ ይደፋል፤ ጋሪ ይዘው የሚመጡ ሠራተኞች በአካፋ ያነሡታል። ፑቤል በኖቬምበር 1883 ባወጣው ትእዛዝ የሕንፃ ባለቤት ሁሉ ለተከራዮቹ ክዳን ያለው ዕቃ እንዲያቀርብ አስገደደ። ዕቃውም አንድ ብቻ አልነበረም። የሚበሰብሰው ለብቻ፣ ወረቀትና ጨርቅ ለብቻ፣ ሰባራ ሸክላና የባሕር ዛጎል ለብቻ እንዲጠራቀም ነው ያዘዘው። ባለ ሕንፃዎቹ ወጪውን ጠሉት። የፓሪስ ቆራሌዎች ደግሞ አጥብቀው ተቃወሙ፤ ጨርቅና አጥንት ከደጅ ከደጅ እየለቀሙ የሚያድሩ ሰዎች ነበሩና ክዳኑ እንጀራቸው ላይ ነው የተከደነው። ጋዜጦች ዕቃውን በአስተዳዳሪው ስም ጠሩት፤ ዛሬም ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ሁሉ የቆሻሻ መጣያን «ፑቤል» ይለዋል። ሦስት ዓይነት የመለየቱ ትእዛዝ ግን ብዙም አልተከበረም። አንባቢ ይህችን «ሦስት» ልብ ይበልልኝ፤ ከ130 ዓመት በላይ ቆይታ በካሊፎርኒያ ትመለሳለች።

አሜሪካ ከዚህ ሐሳብ ላይ የደረሰችው በጭንቅ ነው። ቻርልስ ዲክንስ በ1842 ኒው ዮርክን ሲጎበኝ በብሮድዌይ ላይ እንደ ልባቸው የሚንጎራደዱት አሳማዎች ገርመውት ጽፏል። አሳማው የከተማው ጥራጊ አንሺ ነበር። የሐረር ሰው ለጅቡ የተወለትን ሥራ የኒው ዮርክ ሰው ለአሳማ ትቶለት ኖሯል። በ1895 ኮሎኔል ጆርጅ ዋሪንግ የከተማው የጎዳና ጽዳት ኃላፊ ሆኖ ሲሾም ነገሩን በወታደር ሥርዓት ያዘው። ጠራጊዎቹን ከላይ እስከ ታች ነጭ አለበሳቸው። ነጩን የመረጠው ሕዝቡ የጽዳትን ሥራ ከጤና ጋር አያይዞ እንዲያየው ነው። በ1896 አሰልፎ በከተማው መሐል ሲያሳልፋቸው ትናንት ማንም ዞሮ ያላያቸው ሰዎች ተጨበጨበላቸው፤ ስማቸውም «ነጭ ክንፎች» ሆነ። በዚህ ረጅም ታሪክ ውስጥ ሠራተኛው ይታይ ተብሎ የተደረገ ነገር ስፈልግ በጉልህ የማገኘው ይህን ነው። ዋሪንግ በ1898 የሃቫናን ጽዳት ሊያጠና ሄዶ በያዘው ቢጫ ወባ ሞተ።

ከተሞች ቆሻሻን ከዓይን ያራቁበት የቀድሞው ብልሃት አጥር ሳይሆን የጓሮ መንገድ ነበር። ቺካጎ ሲቆረቆር በየሰፈሩ ጀርባ ጠባብ መንገድ ተተወለት፤ ዛሬ ርዝመታቸው ቢደመር 3,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሰሉም፣ ወተቱም፣ ጥራጊውም በዚያ ይሄዳል። ዋሽንግተን ዲሲም እንዲሁ ናት፤ በዩ ስትሪትና በናይንዝ ስትሪት አካባቢ ያሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ዛሬም ገንዳቸውን የሚያቆሙት በጓሮ መንገድ ላይ ነው። ኒው ዮርክ ግን በ1811 የማንሃተንን ካርታ ሲያሰምር የጓሮ መንገድ አልተወም። መሬት ውድ ነው ብለው ያተረፉት ያ ቁራጭ መሬት ለሁለት መቶ ዓመት ዋጋ አስከፍሏቸዋል፤ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ገንዳው ባለቤት እንምጣ። ጆርጅ ዴምፕስተር በ1887 ኖክስቪል፣ ቴነሲ ተወለደ። በወጣትነቱ የፓናማ ቦይ ሲቆፈር እዚያ ሠርቷል። ኋላ ከወንድሞቹ ጋር የግንባታ ድርጅት አቋቋመ፤ ከተማውንም በሥራ አስኪያጅነት፣ በ1950ዎቹም በከንቲባነት መርቷል። በግንባታ ሥራው የሚያበሳጨው ነገር አንድ ነበር። መኪናው ቆሞ ይጠብቃል፤ ሠራተኞቹ በአካፋ ይጭናሉ፤ መኪናው ደርሶ እስኪመለስ ድረስ ደግሞ ሠራተኞቹ ቆመው ይጠብቃሉ። መፍትሔው መኪናውንና የጭነቱን ዕቃ ማለያየት ሆነ። ዕቃው የብረት ገንዳ ሆኖ መሬት ላይ ይቀመጥ፤ ሲሞላ መኪናው መጥቶ በራሱ ጉልበት ያንሣው። በ1930ዎቹ አጋማሽ ይህን ፈጠራ አስመዘገበ፤ «መድፋት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ከቤተሰቡ ስም ጋር አጋብቶም «ዴምፕስተር ዳምፕስተር» አለው። ስሙ የንግድ ምልክት ሆኖ ጀመረ፤ ከጊዜ በኋላ የማንም ሆነና ዛሬ የትኛውም ትልቅ የቆሻሻ ገንዳ ዳምፕስተር ይባላል። በ1950ዎቹ የዴምፕስተር ድርጅት ከፊቱ ሁለት የብረት ሹካ ያለው መኪና አወጣ። መኪናው ሹካውን በገንዳው ጎንና ጎን ባሉት ኪሶች ያስገባል፣ ወደ ላይ ያነሣል፣ በሾፌሩ ጭንቅላት ላይ አሳልፎ ከኋላው ይገለብጣል። አንድ ሾፌር ብቻውን የብዙ ሰው ሥራ ሠራ።

እኛ ይህን ዕቃ ገንዳ እንለዋለን፤ ከብቱ ውሃ የሚጠጣበት፣ ከግንድ የሚፈለፈለው ዕቃ ስሙን ለብረቱ አውሶታል። አዲስ አበባ በየሰፈሩ ስታስቀምጠው የኖረችው 8 ሜትር ኩብ የሚይዘው ገንዳ፣ መኪና መጥቶ በሰንሰለት የሚያነሣው፣ አሠራሩ ከዴምፕስተር የመጀመሪያ ሐሳብ ጋር አንድ ነው።

በእኔ ግምት ትልቁ ለውጥ ከማሽኑ ይልቅ በቦታው ላይ የመጣው ነው። የፑቤል ዕቃ ጠዋት ይወጣል፣ ተደፍቶ ወደ ግቢ ይመለሳል። ዳምፕስተር ግን አይመለስም። ማታም ቀንም እዚያው ነው፤ እንደ ሕንፃው ቋሚ ነዋሪ ሆነ። ቋሚ የሆነ ነገር ደግሞ ጎረቤት አለው፤ ጎረቤቱም ዓይን አለው።

ያ ዘመን አሜሪካ ከመሐል ከተማ ወጥታ በመኪና ወደሚደረስ ገበያ የፈለሰችበት ነው። አርክቴክቱ ቪክቶር ግሩን በ1954 ከዲትሮይት ዳር ኖርዝላንድን ሲከፍት የጭነት መኪኖቹን ከመሬት በታች በዋሻ እንዲያልፉ አድርጎ ነበር። ገዢው ፊት ለፊቱ የሚያየው አበባና ሐውልት ብቻ ነው፤ ዕቃ የሚያራግፈውም ቆሻሻ የሚያነሣውም ከሥሩ ይርመሰመሳል። ለትልቅ ባለሀብት ይህ ይቻላል። በመንገድ ዳር የሚሠራው የሱቅ ረድፍ፣ የነዳጅ ማደያው፣ የሀምበርገር ቤቱ ግን ዋሻ መቆፈር አይችልም። አራቱም ጎኑ ለመኪና ክፍት ነው፤ ጀርባ የሚባል ነገር እንኳ የለውም፤ አንዱ ጀርባው የሌላው ፊት ነው። ብሎኬቱና በሩ የመጡት ለእነዚህ ነው። የገንዳ አጥር የድሃው ዋሻ ነው ብል ከእውነቱ አልርቅም።

ግን በራስ መሬት ላይ ያለ ገንዳን ሸፍን ብሎ የሚያዝዘው ማነው? የአሜሪካ ሕግ እዚህ የደረሰው በደረጃ ነው። በ1926 የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዩክሊድ በተባለች የኦሃዮ መንደር ጉዳይ፣ ከተማ መሬትን በአገልግሎት ለይቶ መከፋፈል ይችላል ብሎ ፈረደ፤ ዞኒንግ የሚባለው አሠራር በዚያ ፍርድ እግር ተከለ። ፍርዱ የቆመው በጤናና በደኅንነት ላይ እንጂ በውበት ላይ አልነበረም። ውበት የገባው በ1954 በዋሽንግተን ከተማ ነው። በሳውዝዌስት ሰፈር ሱቅ የነበራቸው ባለቤቶች፣ የእኛ ሱቅ ደህና ሆኖ ሳለ ለሰፈር ማደሻ ተብሎ አይፍረስ ብለው ከሰሱ። የዚያው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ዊልያም ዳግላስ በጻፈው ፍርድ፣ ከተማ ንጹሕ ብቻ ሳይሆን ውብም ይሁን ማለት የመንግሥት ሥልጣን ነው ተባለ። በዚያ ፍርድ ጥላ ሥር ከሳውዝዌስት ከ20 ሺህ በላይ ሰው ተነሣ፤ አብዛኛው ጥቁር ነበር። «ለዓይን ያስቀይማል» የሚለው ምክንያት አጥር ማቆም ብቻ ሳይሆን ሰፈርም ማንሣት እንደሚችል ያን ጊዜ ታየ። ይህን ሳላነሣ ስለ አጥር ውበት መጻፍ አልሆነልኝም።

ቀጥሎ ሌዲ በርድ ጆንሰን መጣች። የፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ባለቤት ከቴክሳስ ዋሽንግተን በመንገድ ስትመላለስ የምታየው የማስታወቂያ ሰሌዳና የአሮጌ መኪና ክምር አስቆጥቷት ኮንግረሱን ወተወተች፤ በኦክቶበር 1965 የአውራ ጎዳና ማስዋቢያ ሕግ ተፈረመ። ሕጉ በፌዴራል ገንዘብ ከተሠሩት ዋና መንገዶች 1,000 ጫማ፣ ማለትም 300 ሜትር ገደማ ክልል ውስጥ ያለ የብረታ ብረት መጣያ ወይ ይሸፈን ወይ ይነሣ አለ። በአጥር ወይም በተክል ጋርዶ ማለፍ ይቻላል። የሕጉን መንፈስ ልብ በሉ፤ ክምሩ ይቀነስ አላለም፤ ከመንገድ አይታይ ነው ያለው። ከዚያ ወዲህ በየከተማው ደንብ ላይ አንድ ዓይነት አንቀጽ እየተደጋገመ መጣ፦ ገንዳ በሦስት ጎን ጠጣር ግድግዳ፣ በአራተኛው የማያሳይ በር ይኑረው፤ ቁመቱ ከገንዳው ይብለጥ፤ ግድግዳው ዋናውን ሕንፃ ይምሰል። ቁመቱ በአብዛኛው ከ1.8 እስከ 2.4 ሜትር ነው።

ሌዲ በርድ ስለ መንገዱ ገጽታ ስትሟገት፣ ከጓሮ በኩል ያለው ሰው ምን ላይ ነበር? ሜምፊስን እናንሣ። በ1960ዎቹ በሜምፊስ የጽዳት ሠራተኛ ከየቤቱ ጓሮ ገብቶ ቆሻሻውን ትልቅ ሳፋ ውስጥ ገልብጦ በጭንቅላቱ ወይም በትከሻው ተሸክሞ ወደ መኪናው ይወስድ ነበር። ሳፋው ቀዳዳ ነው፤ ፈሳሹ በአንገቱ ይወርዳል። የቤቱ ፊት እንዲያምር ቆሻሻው ጓሮ ተቀመጠ፤ የጓሮውን ርቀት በትከሻው የከፈለው እሱ ነው። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1968 ኃይለኛ ዝናብ ጣለ። ኤኮል ኮልና ሮበርት ዎከር ለመጠለል ከመኪናው መጭመቂያ ውስጥ ገቡ። መጭመቂያው በብልሽት ተነሥቶ ሁለቱንም ገደላቸው። ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1,300 የሚሆኑ ጥቁር ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። የያዙት ጽሑፍ «እኔ ሰው ነኝ» ይል ነበር። ማርቲን ሉተር ኪንግ ሊያግዛቸው ሜምፊስ መጥቶ ኤፕሪል 4 ቀን ተገደለ። በዚያችው ፌብሩዋሪ በኒው ዮርክም የጽዳት ሠራተኞች ለዘጠኝ ቀን ሥራ አቁመው ከተማዋ በክምር ተውጣ ነበር።

ከሜምፊስ በኋላ ስለ ደመወዝና ስለ ማኅበር ብዙ ተስተካከለ። ስለ ገንዳውና ስለ አጥሩ አሠራር ግን የተማርነው ቀስ እያልን፣ ብዙውን ጊዜም ሰው ከሞተ በኋላ ነው። በ1970ዎቹ ጎናቸው ያዘመመ፣ ከላይ ሰፍተው ከታች የጠበቡ ገንዳዎች ሕፃናት ሲንጠላጠሉባቸው እየተገለበጡ ይገድሉ ነበር። የሸቀጦች ደኅንነት ኮሚሽን በ1978 የማይረጉ ገንዳዎችን አገደ። የእሳት ሕጉም ትምህርቱን ከቃጠሎ ነው የተማረው፤ ዛሬ በአብዛኛው አሜሪካ የሚሠራበት የእሳት ደንብ 1.15 ሜትር ኩብና ከዚያ በላይ የሚይዝ ገንዳ ከሚቃጠል ግድግዳ፣ ከመስኮትና በር፣ ከጣሪያ ጠርዝም 1.5 ሜትር እንዲርቅ ያዝዛል። ገንዳ ውስጥ የተጣለ ሲጋራ ሕንፃ አቃጥሏልና።

ለመሆኑ ጥሩ አጥር እንዴት ይሠራል? ከግድግዳው የሚጀምር ሰው ተሳስቷል። የሚጀመረው ከመኪናው ነው። ሹካ ያለው የቆሻሻ መኪና ሲሞላ ከ25 ቶን በላይ ይመዝናል፤ ገንዳውን ሲያነሣ ደግሞ ተጨማሪ ክብደት ወደ ፊት ጎማዎቹ ይመጣል። ሁልጊዜ የሚቆመው እዚያው አንድ ቦታ ላይ ነው። ተራ አስፋልት ይህን አይችለውም፤ በሁለት ክረምት ይሰረጉዳል፣ ውሃ ያቁራል፣ ይሸታል። ስለዚህ ከበሩ ፊት መኪናው የሚቆምበት ወለል ወፍራም፣ ፌሮ የገባበት አርማታ መሆን አለበት። ከላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የዛፍ ቅርንጫፍ፣ የጣሪያ ጠርዝ መኖር የለበትም። ሾፌሩ ቀጥ ብሎ መግባት አለበት፤ ሹካ አይጠማዘዝም። ጥግ ላይ አጣሞ የተሠራ አጥር፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ በዓመቱ ግድግዳው ይፈርሳል።

ቀጥሎ ውስጡ ነው። ገንዳ ሲመለስ ወደ ኋላ ይገፋል። ከኋላው የሚያግደው ነገር ከሌለ በየሳምንቱ ብሎኬቱን ይመታዋል። ለዚህ ከግድግዳው ራቅ ብሎ ወይ የአርማታ ድንበር ይሠራል ወይ በአርማታ የተሞሉ የብረት ምሰሶዎች ይተከላሉ። ብዙዎች ይህን እንደ ትርፍ ወጪ ያዩታል፤ ከዚያ በሦስተኛው ዓመት ግድግዳውን እንደ አዲስ ያሠራሉ። ብሎኬቱ ውስጡ ፌሮ ይገባበታል፣ ቀዳዳው በአርማታ ይሞላል፣ መሠረቱ ከበረዶው ጥልቀት በታች ይወርዳል። የእንጨት አጥር ርካሽ ነው፤ ግን ይበሰብሳል፣ ይነዳል፣ አይጥ ይገባበታል።

እና በሩ። የዚህ ጽሑፍ መነሻ እሱ ነው። በሩ የሚያሳይ አይሁን ስለሚባል በብረት ማዕቀፍ ላይ ቆርቆሮ ወይም ጣውላ ይለበጥለታል፤ ስለዚህ ከባድ ነው፤ ነፋስ እንደ ሸራ ይገፋዋል። ማጠፊያው በቀጥታ ብሎኬቱ ላይ ከታሰረ በጊዜ ብዛት ይነቅለዋል፤ በራሱ መሠረት ላይ የቆመ የብረት ምሰሶ ያስፈልገዋል። ክንፉ 90 ዲግሪ ብቻ ተከፍቶ የሚቆም ከሆነ የመኪናው መንገድ ላይ ነው፤ ሹካው አንድ ቀን ያገኘዋል። ከዚያ አልፎ ወደ ኋላ መታጠፍ፣ ተከፍቶም በመቀርቀሪያ መሬት ላይ መያዝ አለበት። አሁን ሾፌሩን አስቡት። ሌሊት 10 ሰዓት ነው። ብቻውን ነው። በዚያ ቀን ብዙ ቦታ ይደርሳል። በእያንዳንዱ ቦታ ከመኪናው ይወርዳል፣ ሁለት ክንፍ ይከፍታል፣ መቀርቀሪያ ያስገባል፣ ይወጣል፣ ገንዳውን ይደፋል፣ እንደገና ይወርዳል፣ ይዘጋል። በረዶ ላይ። አንድ ክንፍ አልዘጋ ሲለው ምን ያደርጋል? ይተወዋል። ከዚያ በፊት ደግሞ የሬስቶራንቱ ልጅ በሁለት እጁ ከረጢት ይዞ መጥቶ ከባዱን በር በእግሩ ስቦ ከፍቶታል፤ ሲመለስ አልዘጋውም። በሩ ክፍት የቀረው በስንፍና አይደለም፤ የሠራው ሰው እነዚህን ሁለት ሰዎች ስላላያቸው ነው።

መፍትሔውም የተራቀቀ ነገር አይደለም። ለሠራተኛው በጎን በኩል ጠባብ የእግር መግቢያ ይተውለት፤ ገንዳው ከመንገድ እንዳይታይ መግቢያው በአንድ ግድግዳ ዞር ብሎ ይሠራ። ያኔ ትልቁን በር የሚነካው መኪናው ሲመጣ ሾፌሩ ብቻ ነው። መብራት ይኑረው። ይህ መብራት ቅንጦት አይደለም። ማታ ብቻዋን ቆሻሻ ለመጣል የምትወጣ ሴት ሦስት ግድግዳ መሐል ስትገባ የሚሰማትን የምታውቀው እሷ ናት። ጥሩ አርክቴክቶች ይህን ይሠራሉ፤ ደንቡ ግን ግድግዳውን በሴንቲሜትር ሲለካ ስለ እግር መግቢያው ብዙ ጊዜ ዝም ይላል።

በአዲሱ ዘመን አጥሩ ላይ ሁለት ነገር ተጨመረበት። አንዱ ውሃ ነው። ዝናብ ክፍት ገንዳ ውስጥ ገብቶ ዘይትና ብስባሽ ይዞ ይወጣል፤ ከፓርኪንጉ ወደ ወንዝ ይወርዳል። የንጹሕ ውሃ ሕግ በ1987 ከተሻሻለ በኋላ ከተሞች ለዝናብ ውሃም ፈቃድ ማውጣት ግድ ሆነባቸው፤ በተለይ በካሊፎርኒያ ብዙ ከተሞች የገንዳ አጥር ጣሪያ እንዲኖረው፣ ወለሉም ከፍሳሽ መስመር እንዲገናኝ ያዝዛሉ። ለወንዙ መልካም ነው። ጣሪያ ሥር ግን ሹካ ያለው መኪና ገንዳ ማንሣት አይችልም። ገንዳው ጎማ ኖሮት ሰው እየገፋ ማውጣት አለበት። እንደገና ወጪው የሰው ወገብ ላይ ወደቀ።

ሁለተኛው የፑቤል ሦስት ነው። ካሊፎርኒያ በ2016 ባወጣችው ሕግ ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ የምግብ ትራፊና የሚበሰብስ ነገር ሁሉ ለብቻው እንዲለይ አዘዘች። ሱቅና ምግብ ቤት አሁን ሦስት ዕቃ ያስፈልገዋል፦ ለሚበሰብሰው፣ ተመልሶ ለሚሠራው፣ ለቀሪው። በ1980ዎቹ ለአንድ ገንዳ ተለክቶ የተሠራው የብሎኬት ግድግዳ ግን ሦስት አይችልም። ያገለገለ የምግብ ዘይት በርሜሉም አለ። ውጤቱ የሚታወቅ ነው፤ አንዱ ገንዳ ውስጥ፣ ሁለቱ ውጭ ፓርኪንግ ላይ፤ አጥሩ ቆሞ ቆሻሻው ደጅ። ዛሬ ለአንድ ገንዳ ብቻ የሚበቃ አጥር የሚያሠራ ሰው ካለ ገንዘቡን አፍርሶ ለመሥራት እያስቀመጠ ይመስለኛል።

ስለ ቁልፍም አንድ ነገር ልበል። ብዙ አጥሮች ዛሬ ቁልፍ አላቸው፤ የሌላ ሰው ቆሻሻ እንዳይጣልባቸው፣ ዘይት እንዳይሰረቅ፣ ቤት የሌለው ሰው እንዳያድርባቸው። ገንዳ ውስጥ የሚተኛ ሰው መጭመቂያው ሊገድለው ስለሚችል ቁልፉ ሕይወት ያድናል። ነገር ግን ለመብል የሚሆን ምግብ ከተቆለፈ በር ጀርባ ሲጣል ማየት ያማል። በ1996 የወጣው የምግብ ልገሳ ሕግ፣ ምግብ ቤት በቅን ልቦና የለገሰው ምግብ ቢያሳምም እንዳይከሰስ ይከላከልለታል። ብዙ የሐበሻ ምግብ ቤት ይህን ሕግ ያወቀ አይመስለኝም፤ ክስ ፈርቶ የሚጥል አለ። አትጣሉ፤ በአካባቢያችሁ ላለ የምግብ ባንክ ደውሉ።

ኒው ዮርክ በ1811 የጓሮ መንገድ የነፈገችበትን ዋጋ እስከ ቅርብ ዓመት ድረስ ስትከፍል ኖራለች። ከ1970ዎቹ ወዲህ ጥቁር ከረጢት ክምር በየእግረኛ መንገዱ ላይ ያድር ነበር፤ አይጥ ቀለቡን ከዚያ አገኘ። ከማርች 2024 ጀምሮ ንግድ ቤት ሁሉ ቆሻሻውን ክዳን ባለው ዕቃ እንዲያወጣ ታዘዘ፤ በኖቬምበር ደግሞ ዘጠኝና ከዚያ በታች መኖሪያ ያላቸው ሕንፃዎች ተከተሉ። ፓሪስ በ1883 ክዳን ካዘዘች ከ140 ዓመት በኋላ ለማንሃተንም ያው ትእዛዝ ወጣ።

ቆሻሻ ማንሣት በአሜሪካ የሠራተኛ ጉዳይ ስታቲስቲክስ ቢሮ ዝርዝር ውስጥ እጅግ ገዳይ ከሆኑት 10 ሥራዎች መሐል ለብዙ ዓመታት በተደጋጋሚ ተመዝግቧል። ከእናንተ መሐል ሕንፃ የሚያሠራ፣ ሱቅ የሚከራይ፣ አሮጌ አጥር የሚያድስ ካለ አንድ ነገር እለምነዋለሁ። የአርክቴክቱ ንድፍ ከጸደቀ በኋላ ሳይሆን ከመጽደቁ በፊት፣ አርማታውም ሳይፈስ፣ ቆሻሻ የሚያነሣውን ድርጅት ደውላችሁ ሾፌሩ እንዲመጣ ጠይቁ። መስመሩን አስፋልቱ ላይ በኖራ አስምሩለትና መኪናውን ያስገባ፤ የት እንደሚጠበው ያሳያችሁ። ማታ ከረጢት የምታወጣውንም ልጅ አቁማችሁ በየት በኩል መግባት እንደምትፈልግ ጠይቋት። የድርጅቱ ስልክ ቁጥር ከገንዳው ጎን ላይ በትልቁ ተጽፏል።